ሁለት ዓይን ለይሁዳ

እኔ ሾፌር ነኝ እንጂ ስለ ሥዕል ምን አውቃለሁ፤
ጤፍ ስጭን፣ ሲሚንቶ ሳራግፍ፣ ጎማ ስለጥፍ ኖሬያለሁ።
እሸቴ ይማም ግን አንድ ጠዋት ኮምቦልቻ መናኸሪያ
«ቅዱሳን ትጭናለህ ኑርዬ?» አለኝ፣ ይዞ ሠላሳ ማዳበሪያ።
«ስንት ኪሎ ይመዝናሉ?» አልኩት፣ ለኪራይ ስደራደር፤
«ሚዛኑ ሚካኤል እጅ ነው፤ አንተ ዋጋህን ተናገር።»

ሥዕል ቤት የገባ አይደለም፤ የቆርቆሮ በር ቀቢ ነው፤
አንበሳ ሥሎ፣ ጽጌረዳ ሥሎ፣ ከጣሳው ታች የቀረው
ያ ሙጣጭ ቀለም ነው ኋላ ማርያምን ያለበሳት፤
የበር ሰማያዊ ካባ፣ የበር ቢጫ አክሊል የሆናት።
ሸራ መግዣ ስላልነበረው የእርዳታ ስንዴ ከረጢት
ተርትሮ፣ በሙጫ ለቅልቆ፣ ወጥሮ ሣለበት።
ታዲያ ፀሐይ ሲያርፍባት እመቤታችን ከጉልበቷ በታች
«የተጣራ ሃምሳ ኪሎ» የሚል ጽሑፍ ታሳያለች።
ሊሸፍነው ይችል ነበር።
«ተወው» አለኝ፣ «እሷም ታውቃለች፤
በዚያ ዓመት ከኛ ጋር ተሰልፋለች።»

ሐይቅ ላይ በቀበሌ አዳራሽ፣ ውጫሌ በጤፍ መጋዘን፣
ሚስማር ስናጣ በገመድ፣ እንደታጠበ ልብስ አስጥተን፤
መግቢያ አምስት ብር። ላጣ በነጻ። ለሚያለቅስም በነጻ።
ዙህር ሰግጄ ስመለስ ትኬት ቆራጩ እኔው ነኝ።
ሕጉንም ቀስ በቀስ ለመድኩ፦
ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤
ኃጥእ ጎኑን ያዞርብሃል፣ አንድ ዓይን ይበቃዋል።
ያችንም አንዷን ውጫሌ ላይ ልጆች በሚስማር ወግተውበት
ሰይጣን እስከ መርሳ ታውሮ ሄደ፣ በኔው ኢሱዙ ተጭኖበት።

መርሳ ግን፣ በዚያ ሙቀት፣ ከተማው ማንጎ በሸተተ ቀን፣
መሪጌታ ልሳነወርቅ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡብን።
አንድ በአንድ አዩ። ጊዮርጊስ ጋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤
«ፈረሱ የበቅሎ ጆሮ አለው» ሲሉ ሰዎች ሳቁ።
ከምሴተ ሐሙስ ፊት ሲደርሱ መቋሚያው ወለሉን መታ፦
«ሁለት ዓይን ለይሁዳ? በማን ሥርዓት? በየትኛው የኔታ?»

አዳራሹ ጸጥ። የጣራው ማራገቢያ ብቻ ይንቋቋል።
እሸቴ ኮፍያውን አወለቀ፤ ያለውን ዛሬም ጆሮዬ ይሰማዋል፦

«አባቴ፣ በአንድ ዓይን ሞከርኩት፤ አንድ ጊዜም አይደል።
ሲስመው ያየው በአንድ ዓይን ነው፤ ያንን መሣል ቀላል።
ግን ብሩን ሲመልስ? ‹በደልኩ› ሲል? ገመድ ሲፈልግ ሲያድር?
ያ ሁሉ እንባ በአንድ ዓይን፣ በየት በኩል ሊንቆረቆር?

ደግሞ…
በዚያ ዓመት የእህቴን የእርዳታ ካርድ ሸጫለሁ።
ሎሚ ነበር ስሟ።
በአሥራ ሁለት ብር።
ልጅ ነበርኩ አልልም።
መስታወት ፊት ቆሜ ነው የሣልኩት፤
መስታወት ደግሞ ጎን አያሳይም፣ አባቴ።»

መሪጌታ መልስ አልሰጡም።
መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው
ተጠጉ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።
«ግራ ዓይኑ ትንሽ አንሷል» አሉ።
ካህን አይከፍልም ብያቸው ነበር በሩ ላይ፤
ሲወጡ አምስት ብር እጄ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ማታ ወደ ወልድያ ልንወጣ ሰማዩ ጠቆረ።
እሸቴ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጧል፣ ቃል አይወጣው።
ሸራው ለሁሉም አልበቃ ስላለ
ሰይጣንን ከነሚስማር ቀዳዳው ከታች አነጠፍኩት፤ ማርያምን መሀል፤
የኔ ሙያ ጭነት ማሰር ነው፣ ሌላ አላውቅም፤
ብቻ ገመዱን ሳጠብቅ
ይሁዳ ጋ ስደርስ
አንገቱን እንዳይነካው ዝቅ አድርጌ አሰርኩት።